ሠራተኛዬን እህቴ ላደርግ ሽማግሌ የጠራሁ ቀን

አንድ ሙክት፣ ሦስት እስር ጫት፣ አንድ ሙሉ የገበያ ቀን፣ በዚያ ላይ የነበረችኝ ትንሽ ክብር። የዛሬው ብልጠቴ ያስወጣኝ ይሄን ነው። ጀመዓው፣ ወላሂ ብነግራችሁ አታምኑኝም!

ነገሩ የመጣው ከወሬ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ሊሻሻል ነው ተባለ። ረቂቁን አላነበብኩም፤ የሰማሁት ሱቄ በር ላይ ነው። አንዱ "ለሁሉም የጽሑፍ ውል ሊባል ነው" አለ። ሌላው "የሳምንት እረፍት ያልሰጠ ወየውለት" አለ።

እኔ መካነ ሰላም ላይ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ያለችኝ ሠራተኛ አንዲት ናት፤ ዘይነባ። ከጅዳ ተመልሳ ሱቄን ከያዘች አራት ዓመቷ።

ውል? የምን ውል!

በእኛ ጊዜ ውል ዱዓ ነበር እኮ!

ወረኢሉ፣ ሐጂ የምላቸው የጨርቅ ነጋዴ ጋ ስቀጠር አባቴ ነው ይዞኝ የሄደ። ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ አሚን አልን፣ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ከአንድ ገበታ ነው የበላነው። አዲስ አቡጀዲ ሲፈታ የሚሸተው ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ዝናብ ሲጥል ገበያተኛው ሁሉ እኛ ሱቅ ይጠለላል፤ ሐጂ መሸጡን ትተው ወግ ይይዛሉ። እኔን "ልጄ" እንጂ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

ታዲያ ፕላኔ ምን ነበር? ሕጉ ሳይወጣ ዘይነባን በሽማግሌ ፊት እህቴ ላስደርጋት! እህት ውል አትጠይቅ፣ እረፍት አትጠይቅ።

አይ ጭንቅላት!

ሙክቱን አረድኩ። ሸህ ሁሴንን ከሁለት ሽማግሌ ጋር ጠራሁ። ጫቱ ቀረበ። "ይቺ ልጅ ሠራተኛዬ አይደለችም፣ እህቴ ናት፤ መስክሩልኝ" አልኩ። የሐጂንም ታሪክ አከልኩበት። እንባዬ ሁሉ መጥቶ ነበር!

ሸህ ሁሴን ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ "ሐጂ ዘንድ ስንት ዓመት ቆየህ?" አሉ።

"ዘጠኝ።"

"ስትወጣስ ምን ሰጡህ?"

"ዱዓ አደረጉልኝ።"

"አሚን። ሱቁን ማን ወረሰው?"

"የወለዱት ልጃቸው ነዋ! ሌላ ማን ይውረስ?" አልኩ።

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ።

ይሄኔ ዘይነባ አፏን ከፈተች። "ጋሼ፣ ጅዳም ማዳሜ 'አንቺ እኮ ልጄ ነሽ' ትለኝ ነበር። ልጄ ባለችኝ ቁጥር አንድ የእረፍት ቀን ይቀርብኝ ነበር። እህትነቱ ይቅርብኝ። የጁምዓ እረፍቴንና ወረቀቴን ስጡኝ። ካልሆነ ደጎሎ ከተማ ሱቅ የከፈቱ ሰዎች ጠርተውኛል።"

ደጎሎ!

ደንበኛው ሲገባ እኮ "ዘይነባ የለችም?" ነው የሚለው። እኔን የሚጠይቀኝ ግብር ሰብሳቢ ብቻ ነው። እሷ ከሄደች ሱቁን ቆልፌ ቁልፉን ማንጠልጠል ነው የሚቀረኝ።

"አንቱ ይፍረዱ" አልኳቸው ሸህ ሁሴንን፣ ያድኑኛል ብዬ።

እስኪርቢቶ አስመጡ! እያንዳንዱን ነገር አጻፉኝ፤ ጁምዓዋን፣ የዓመት እረፍቷን፣ ብትታመም ብትወልድ። ከዚያ በወረቀቱ ላይ ዱዓ አደረጉ። "የድሮው ነገር እንዳይቀርብህ ብዬ ነው" አሉኝ።

አሚን አልኩ። ከሁሉም ጮክ ብዬ!

እውነቴን ልንገራችሁ? ሐጂ አሁንም ይናፍቁኛል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በ"ልጄ" ብቻ እንዳሠሩኝ ዛሬ በሰው ፊት ገብቶኝ እንኳ፣ ይናፍቁኛል። ይሄ ምን የሚሉት በሽታ ነው? የምታውቁት ካላችሁ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ፤ መሳቅ ግን ክልክል ነው።

ለማንኛውም፣ የቀረኝ ይሄ ነው፦ ሠራተኛ አለችኝ። እህት የለኝም።