ከበደሳ የተዋስኳቸው ተማሪዎች

ዛሬ ጭሮ ላይ የደረሰብኝን ብነግራችሁ "ይሄ ልጅ ፈጥሮ ነው" ትላላችሁ። ምናለ ፈጥሬው በሆነ!

ለማታውቁኝ፣ የኩንግፉ አሰልጣኝ ነኝ። የምሰራው በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ነው። ዛሬ ጠዋት ከስፖርት ቢሮ ሰው መጥተው ሊያዩኝ ቀጠሮ ነበረን። ደህና ተማሪ ካለኝ የአዳራሹ ፈቃድ ለአንድ ዓመት ይታደስልኛል። ከሌለኝ ትምህርት ቤቱ አለቀለት።

ስንት ተማሪ አለኝ?

አንድ።

እሳቸውም ሲስተር ዘይነባ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ። ጉልበታቸውን ሲያማቸው ጀመሩ፣ ይኸው ዓመት አለፋቸው። አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም። ሌሎቹ ግድግዳ ላይ መሮጥ እንደማላስተምር ሲገባቸው በሁለት ሳምንት ጠፉ።

እና ምን አደረግኩ? በደሳ ከተማ ቴኳንዶ የሚያሰለጥን ቶሎሳ የሚባል ጓደኛ አለኝ። ደወልኩለት። አስራ አምስት ተማሪ ለአንድ ጠዋት አዋሰኝ! ራሱ በሚኒባስ ይዟቸው መጣ። ዩኒፎርማቸው ጀርባ ላይ "ቴኳንዶ" ስለሚል ገልብጣችሁ ልበሱ አልኳቸው። ፕላን ማለት ይሄ ነው!

ሲስተር ዘይነባስ?

ኢሜጄን እንዳያበላሹብኝ "ነገ አዳራሹ ስለሚጸዳ ክላስ የለም" አልኳቸው። አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት።

የቢሮው ሰውዬ አቶ ገመቹ መጥተው ተቀመጡ፣ ፎርማቸውን አወጡ። ልጆቹ ተሰለፉ። "ጀምሩ!" አልኩ በኩራት።

"ሃና! ዱል! ሴት!" ብለው በኮሪያኛ እየቆጠሩ ጣሪያውን አናጉት።

አቶ ገመቹ ቀና አሉ። "ይሄ ቻይንኛ ነው?"

"አዎ፣ ጥንታዊው ነው።"

"ልጄም ቤት ውስጥ እንዲሁ ነው የምትቆጥረው። የምትማረው ግን ቴኳንዶ ነው" ብለው መጻፍ ጀመሩ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ ላቤን ጠረግኩ።

ይሄኔ በሩ ተከፈተ። ሲስተር ዘይነባ! መጥረጊያ ይዘው! ለካ አዳራሹ ይጸዳል ስላልኩ ሊያግዙኝ መጥተዋል።

አቶ ገመቹ ከሚጽፉት ቀና ሳይሉ "ማነው?" አሉ።

"ጽዳት ናቸው" አልኩ።

ምነው አፌን በቆረጠው!

ሰውየው ዞር ብለው ሲያዩዋቸው ብድግ አሉ። "ሲስተር! ሦስቱንም ልጆቼን ያዋለዱት እርስዎ አይደሉ እንዴ? ምን ይሰራሉ እዚህ?"

"ኩንግፉ ነዋ!"

"እየቀለዱ ነው?"

"ወላሂ!"

መጥረጊያውን አስደግፈው ጫማቸውን አወለቁ። ከነሂጃባቸው፣ ከነረጅም ቀሚሳቸው፣ የኩንግፉውን ቅንብር ከመጀመሪያው እንቅስቃሴ እስከ መጨረሻው ቀስ ብለው ሰሩት። መሀል ላይ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት፣ በአንድ እግራቸው ቆሙ። ንቅንቅ አላሉም። የበደሳ ልጆች "ባሬዳ! ያምራል!" እያሉ አጨበጨቡ።

እውነቴን ነው፣ በዚያ አዳራሽ እንደዚያ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም። ያስተማርኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ! ግን አሁን ማን ያምነኛል?

"እሳቸውን ብቻ ብታሳየኝ ስድስት ወር እጨምርልህ ነበር" አሉ አቶ ገመቹ። "ውሸቱን ግን ምን ላድርገው?" ከዚያ ወደ ቶሎሳ ዞረው "አንተ ነገ ማመልከቻ አስገባ" አሉት።

ቶሎሳ ጭሮ ላይ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነው። የሚኒባሱን ሂሳብ የከፈልኩት ደግሞ እኔ!

ስወጣ ሲስተር ጠሩኝ።

"ጽዳት ስላልከኝ አልከፋኝም ልጄ፣ ልጠርግ ነው የመጣሁት። ተማሪዬ ናቸው ለማለት ግን አሳፈርኩህ?"

 ከዚያ ዞር ብለው ቶሎሳን ቴኳንዶ ለጉልበት ይሆን እንደሆነ ጠየቁት። እዚያው ቆሜ እያየሁ ስማቸውን መዘገበ።

አሁን ተማሪ የለኝም። ኮመንት ላይ ምከሩኝ እስቲ፦ ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃቸው፣ ወይስ ቴኳንዶ ተመዝግቤ ከኋላቸው ልሰለፍ?