አማቴን በንፍሮ የገደልኩበት ቀን

ዛሬ የሠራሁትን ጉድ ስትሰሙ «ይህች ሴት ተምራለች?» ማለታችሁ አይቀርም። ተምሬያለሁ። አልጠቀመኝም።

በሕይወት ላሉት አማቴ ሰፈሩ እንዲያለቅስላቸው አደረግኩ!

ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። ባሌ ተስፋዬ ካረፈ ወዲህ ነገር ሁሉ ቀስ እያለ ነው የሚሆንልኝ፤ መጻፍም ጭምር።

እናቱ እማማ በለጡ ከቀብሩ በኋላ እኔ ጋ ቀሩ። ችግሩ፣ አይበሉም። ትንሽ ሻይ በዳቦ፣ ከዚያ «በቃኝ»። ሰሃኑን እሳቸው ወደ እኔ ይገፉታል፣ እኔ ወደ እሳቸው። ፒንግ ፖንግ ነው የያዝነው።

በቅርቡ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ነርሷ ደማቸው ማነሱን ነገረችን። ስጋ ካልሆነላችሁ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር ይብሉ አለች። ፕሮቲን አለው፤ ለደም የሚያስፈልገው ብረት አለው፤ ፋይበሩ ሆድ ያለሰልሳል፣ ስኳርም በአንዴ ሽቅብ እንዳይወጣ ይይዛል። ስንዴ ቢጨመርበት ደግሞ፣ በፕሮቲን በኩል አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል።

ጥሩ ትዳር በሉት።

ልንወጣ ስንል ጎንበስ ብላ «እናቴ፣ እንዲህ ከቀጠሉ አልጋ ይይዛሉ» አለቻቸው። እሳቸው ፈገግ አሉ። እኔ ግን ፈራሁ። አንድ ሰው ቀብሬያለሁ፤ ሌላ አልችልም።

ቤት ገብቼ ኢንተርኔት ላይ ተጣድኩ። «ሚል ፕሬፕ» የሚባል ነገር አለ፤ የሳምንቱን ምግብ በአንድ ቀን አብስሎ፣ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍሎ ፍሪዘር ውስጥ መክተት። ብልህነት ነው! ባቄላውንና ሽምብራውን ዘፍዝፌ አሳደርኩ። ሆድ እንዳይነፋ ውሃውን ጠዋት ደፋሁት። ሁሉም አብጦ ድስቴ አልበቃ አለ።

ትልቅ ድስት ያለው ማን ነው?

እድር!

አሁን እኔን እዩኝ። ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ፣ ፊቴን በወጉ ሳልታጠብ፣ የእድሩን ዕቃ ቤት ለምትጠብቀው ለአስካለ «ትልቁን ድስት ስጪኝ፣ ንፍሮ ልቀቅልበት ነው» አልኳት።

ትከሻዬን ይዛ «አይዞሽ እህቴ፣ ቻይው» አለችኝ።

ድስቱ ከባድ ስለሆነ መስሎኝ «እችለዋለሁ» አልኳት። አግዳሚ ወንበር ይላክልሽ ወይ ስትለኝም፣ ኧረ ለሁለት ሰው ወንበር አለን ብያት ሄድኩ።

አያችሁልኝ? ንፍሮ የለቅሶ ቤት ምግብ መሆኑ ከጭንቅላቴ ወጥቷል! ምን ላድርግ፣ በባሌ ለቅሶ ምን እንደቀረበ አላየሁም። የበላሁትም ትዝ አይለኝም።

ንፍሮው በስሎ በሰሃን እንዳወጣሁት በሩ ተበረገደ። አስካለ ከፊት ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ የሰፈሩ ሴቶች ከኋላ። «እማማ በለጡ! ደጓ እናቴ!» ወንዶቹ ድንኳን ተሸክመው ደጅ ላይ የት እንደሚተከል ይከራከራሉ። ደግነቱ ጡሩምባው ገና አልተነፋም።

እኔስ? አብሬ አለቀስኩ!

እማማ ጓዳ ተኝተው እንደነበር አውቃለሁ። ግን ይህ ሁሉ ሰው ሲያለቅስ፣ ከእኔ በፊት ሰምተው ይሆን እንዴ ብዬ ተጠራጠርኩ። ገብቼ ለማየትም ፈራሁ።

ያኔ የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። እማማ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ወጡ። አስካለ ጀርባዋን ሰጥታ ደግነታቸውን ትዘረዝራለች። ትንሽ አዳመጧት።

«ቀጥዪ እንጂ አስካለ፣ ስለ ሙያዬ ገና አላነሳሽም» አሏት።

አንዷ ጮኸች። አንዷ አማተበች። አንዷ «በኢየሱስ ስም!» ብላ ገሠጸቻቸው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ስለ ሚል ፕሬፕ ላስረዳ ሞከርኩ። ድንኳን የተሸከመ ሽማግሌ ስለ ፍሪዘር ሲነገረው የሚያሳየውን ፊት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እማማ ግን ሳቁ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም። አስካለ አጠገብ ቁጭ አሉና ሰሃኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«የራሴን ንፍሮ ሌላ ሰው ሲጨርሰው ዝም ብዬ አላይም።»

እየተሯሯጥኩ ሎሚ ጨመቅኩበት። ሎሚ ሰውነት ብረቱን እንዲወስድ ይረዳል፣ ሻይና ቡና ግን ቆየት ብሎ ይሁን እያልኩ አስተምራለሁ። ማንም አልሰማኝም። ወንዶቹም ድንኳኑን ደጅ ጥለው ገቡ። እየተጨዋወቱ፣ እየተሳሳቁ ይዘግናሉ። እማማ ዘገኑ። ደግመው ዘገኑ። እኔ እንዳላፈጥባቸው ግድግዳውን አያለሁ።

ለፍሪዘር የተረፈ የለም።

ሰዉ ሲወጣ እማማ «ነገስ ይመጣሉ?» አሉኝ።

«ምን ሊያደርጉ እማማ? አልሞቱም እኮ።»

«ለብቻዬ አይወርድልኝም፣ ልጄ።»

እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ ስለ ፕሮቲን ሳነብ!

እናም ኮልፌ አካባቢ ያላችሁ፣ ነገ ለምሳ ምስር ወጥ አለ። ሳያለቅስ መምጣት የሚችል ማን አለ?