ሁለት ጠያቂና አንድ የአፈር ትል

ጎተራ ስር ያለውን አፈር አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ዝናብ የማይነካው፣ ዱቄት የመሰለው። እዚያ ላይ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ትንሽ ጉድጓድ ካያችሁ ከሥሩ አንድ ትል አድፍጧል። ጉንዳን ሲያልፍ አፈሩ ይከዳውና ተንሸራቶ እትሉ አፍ ውስጥ ይገባል። ቁጭ ብሎ መብላት ይሏችኋል ይሄ ነው። ሲሄድ ደግሞ በቂጡ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኛ ወረታዎች "የኋሊት ሂያጅ" እንለው ነበር።

በጃንሆይ ጊዜ ላም ስትጠፋ ይሄ ትል ይጠየቃል። ሰፌድ ላይ አመድ ነስንሶ እሱን ማስቀመጥ ነው፤ በሄደበት በኩል ላሚቱ ትፈለጋለች። አባቴ ግን እኔን ሊድርበት ተነሣ።

ሁለት ቤተሰብ ሽማግሌ ልኮ ነበር። አንዱ ከቁሐር ሚካኤል ነው፤ ከብቱ ሜዳ የሞላ፣ ልጁን ግን አይቼው አላውቅም። ሌላው ከወንዛዬ ነው፤ ያለው ሁለት በሬ ብቻ። እሱን አውቀዋለሁ። እናቴን ለጉልበቷ ወንዛዬ ፍልውሃ ይዣት ስሄድ፣ ድንጋዩ አዳልጧት ደግፎ ያወጣት እሱ ነው። ወድጄው ነበር፤ አሁን ምን አሳፈረኝ? ግን ያኔ ሴት ልጅ ትጠየቃለች እንዴ? የሚጠየቀው ትሉ ነው።

አባቴ ሽማግሌዎቹን ማስቀየም ፈርቶ ሰፌዱን አስመጣ። ትሉም ፊቱን ወደ ቁሐር አዙሮ ወደ ወንዛዬ ሄደ።

አባቴ የሄደበት ነው አለ። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ፣ ፊቱ ያየበት ነው እንጂ አለ። "ለመሆኑ በቂጡ መንገድ የሚያሳይ ማን አለ?" ብሎ ተቆጣ። አጎቴ የሚፈራ ሰው ነው። አባቴ እየላላ መጣ። "እሺ፣ ፊቱ ይሁን" ሊል አፉን ሲከፍት፣ ቀይዋ ዶሯችን ከጎተራው ስር ወጥታ ትሉን ለቀም አደረገችው።

በቃ፣ አሁን እኔን መጠየቃቸው ነው ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። አባቴ ምን ቢል ጥሩ ነው? ዶሮዋ የመጣችው ከየት በኩል ነው አለ።

"ከወንዛዬ በኩል" አለች እናቴ፤ ቀኑን ሙሉ ትንፍሽ ሳትል የዋለችው እናቴ። ዶሮዋ ከጎተራው ስር ስትወጣ ሁላችንም አይተናል። አጎቴም አይቷል። ግን እህቱን ቀና ብሎ አየና ነገሩን ዋጥ አደረገው።

ባሌ ይኸው እስከ ዛሬ ጎተራ ስር አያስጠርግም፤ ትሉ ውለታ ውሎልኛል ይላል። ውለታ የዋለችለት ዶሮዋ ነበረች። እሷን ደግሞ ለሠርጋችን አርደናት፣ ፈረሰኛውን የበላው እሱ ራሱ ነው።