የበሩ ካሹ

በቆላው የማኅበር እርሻ መግቢያ ላይ አንድ ትልቅ የካሹ ዛፍ አለ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ሁልጊዜ በሱ ጥላ ሥር ነው። ሊቀመንበሩ አቶ መንበሩ ግንዱን ተደግፈው ይቀመጣሉ፤ የቀሩት እንደየማዕረጋቸው ይደረደራሉ። ለውሳኔ የሚቸኩል የለም፤ ጥላው ደስ ይላል።

ከዛፉ አጠገብ የወይዘሮ አስናቁ ሠላሳ የካሹ ዛፎች አሉ። ሰባት ዓመት ውሃ ተሸክመው ያሳደጓቸው ናቸው፤ ደህና ፍሬ ሊሰጡ የደረሱት ገና ዘንድሮ ነው። በትልቁ ዛፍ ግርጌ የእንጨት ብናኝና ሙጫ መጀመሪያ ያዩት እሳቸው ናቸው። ግንድ የሚቦረቡር ትል ገብቷል። ይሄ ትል ቅርፊት ሥር ተደላድሎ ይበላል፤ ከላይ ቅጠሉ ለምለም ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም።

«ይሄ ዛፍ አልቆለታል» ብለው ለኮሚቴው አመለከቱ። «ክረምት ሳይገባ ከነሥሩ ተነቅሎ ካልተቃጠለ፣ ትሉ ጥንዚዛ ሆኖ ይወጣና ወደኔ ነው የሚመጣው።»

ኮሚቴው በጥሞና አዳመጠ። ከዚያም ተባይ ከውጭ እንዳይገባ አጥሩ እንዲጠብቅ ወሰነ። ዘበኛም ተጨመረ!

ብናኙ ባሰበት። ሴትዮዋ ቢመላለሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ተባሉ። ይባስ ብሎ እንግዳ ሊመጣ ነው ተብሎ ግንዱ ኖራ ተቀባ፤ ቀዳዳው ሁሉ ተደፈነ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ቃለ ጉባኤው ላይም «የዛፉ ጤንነት ተረጋግጧል» ተብሎ ሰፈረ። ይሄን ቆሞ ማየት አንጀት ያሳርራል።

ዝናቡ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ከሠላሳው ሦስቱ ብናኝ መትፋት ያዙ። ወይዘሮ አስናቁ ጫፉ የታጠፈ ሽቦ ይዘው ትሉን ከያለበት ጎልጉለው አወጡ፤ ቁስሉን የኒም ዘይት ቀቡት። ከዚያ ሽቦውን እንደያዙ ስብሰባው መሐል ገቡ።

«ሴትዮ፣ ስብሰባ ላይ ነን እኮ!»

«አያለሁ። ኮትዎ ብናኝ በብናኝ ሆኗል።»

አቶ መንበሩ ኮታቸውን አራገፉ። «እሺ፣ ትል አለ እንበል። ይኸው ይሄን ያህል ኖሮበት፣ ዛፉ መቼ ወደቀ?»

«እስኪወድቅ ነው የምንጠብቀው? ዛሬ ይቆረጥ፤ ሃያ ሰባቱን እንኳ ላትርፍ፣ በእግዜር!»

አቶ መንበሩ ቱግ አሉ። «ይሄ ዛፍ ተቆርጦ እኛ የት ልንገባ ነው?»

ወይዘሮ አስናቁ ጎንበስ ብለው ከሊቀመንበሩ ጀርባ አጠገብ ኖራውን ፈረፈሩና ሽቦውን ሰደዱ። ወፍራም ነጭ ትል እየተጥመለመለ ወጣ። መዳፋቸው ላይ አድርገው ለሁሉም አሳዩ።

«እሱም የሚለው ይህንኑ ነው» አሉ።