የአላቪካ ንጹሕ እግር

ጫማ የሰቀለ ተከላካይ ሁሉ ዋሾ ነው። አጥቂም ይዋሻል፤ ግን ያገባውን ግብ የቆጠረ ሰው ስለማይጠፋ ውሸቱ ልክ አለው። የተከላካይ ሥራ ኳስ እንዳይገባ ማድረግ ነው፤ ያልገባ ኳስ ደግሞ ማንም አይቆጥረውም። ስለዚህ የቀድሞ ተከላካይ ሻይ ቤት አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልቡ ያወራል።

እኛ የደቡብ ሕንድ ማላፑራሞች ከእነዚህ ሰዎች የደረሰን ድርሻ ሞልቶ ተርፎናል። ሩዝ የታጨደበት ማሳ ሁሉ የኳስ ሜዳ ስለሚሆን፣ በየሰፈሩ ጉልበቱ የሚንቋቋ አንድ የቀድሞ ተከላካይ አይጠፋም። የእኛው ክቡር አሰልጣኝ አላቪ ናቸው። ትንሹም ትልቁም አላቪካ ይላቸዋል፣ ጋሼ አላቪ እንደ ማለት ነው። በትልልቅ ክለቦች ደመወዝ እየተከፈላቸው ተጫውተው፣ ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ተመልሰው የሰፈሩን ታዳጊዎች ማሠልጠን ጀመሩ።

አላቪካ የማያምኗቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። ፀጉሩን ያስረዘመ ልጅ አያምኑም። ቀለማም ጫማ አያምኑም። ግብ ማግባት ራሱ ትንሽ ነውር ሳይመስላቸው አይቀርም፤ አንዱ ልጅ ሦስት ሰው አታሎ ቢያገባ፣ "እሺ፣ አሁን ተመለስና ቦታህን ያዝ" ነው የሚሉት። ሽርጣቸውን ከጉልበታቸው በላይ አጥፈው መስመሩ ዳር ይቆሙና ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ይደጋግማሉ፤ "በእግርህ ሳይሆን በዓይንህ ጠብቅ። እኔ በተጫወትኩበት ዘመን ሁሉ አንድም ሰው ጠልፌ አላውቅም።"

ይህችን ነገር ሠርግ ላይም ይናገሯታል፣ ከቀብር ሲመለሱም ይናገሯታል። ጥርሳቸውን ሊያስነቅሉ ሄደው፣ አፋቸውን እንደከፈቱ ለሐኪሙም ነግረውታል ይባላል። የሻይ ቤቱ ሽማግሌዎች ይሰሙና ሎሚ የተጨመቀበትን ሻያቸውን ያማስላሉ። "እውነት ነው አላቪ፣ አንተ ንጹሕ ነበርክ" ይላል ባለ ሻይ ቤቱ ኮያ። አላቪካም አንገታቸውን ቀና አድርገው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ዕድሜ ልካቸውን ተጫውተው የቀራቸው ሀብት ይህ ስም ብቻ ነው።

ዝናቡ ሊገባ ሲል ልጆቻችን ከጎረቤት ከተማ ከማንጄሪ ልጆች ጋር ገጠሙ። ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶት እኩል ነበሩ። የማንጄሪው የክንፍ ተጫዋች፣ የፊት ጥርሱ ገና ያልበቀለ ቀጭን ልጅ፣ ኳሷን ይዞ በመስመሩ ዳር ሽው አለ። የቀረው በረኛው ብቻ ነው። ልጁ በአላቪካ ፊት ሲያልፍ የሆነውን ሁላችንም አየን። የአላቪካ ቀኝ እግር ባለቤቱን ሳያማክር ወጣ፣ ሥራውን ሠራ፣ ተመልሶም ቦታው ቆመ። ልጁ በግንባሩ ተደፋ።

ዝም ያልን ይመስላችኋል? ሜዳው በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። "አላቪካ፣ እርስዎ እንጂ እግርዎ ጡረታ አልወጣም!" አለ አንዱ ከኮኮናት ዛፉ ሥር። ዳኛው አሰልጣኝ ሲጠልፍ ምን እንደሚፈረድ ግራ ገብቶት ከመስመር ዳኛው ጋር ቢማከር ሳቁ ባሰ። በመጨረሻ ለአላቪካ በዕድሜያቸው የመጀመሪያ የሆነውን ቀይ ካርድ ሰጣቸው።

እሳቸው ብቻ አልሳቁም። ልጁን ደግፈው አነሡትና ጉልበቱን አራገፉለት።

"አመመህ ልጄ?"

"አላመመኝም" አለና ልጁ ቀና ብሎ አያቸው። "ግን እርስዎ አሰልጣኝ አይደሉም እንዴ?"

አላቪካን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው ደስ ባላቸው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሻይ ቤት ቀሩ። ዓርብ መስጊድ ሲሄዱ እንኳ በጓሮ በር ገብተው በጓሮ በር ወጡ። ባለቤታቸው ናፊሳ ትኩስ የሩዝ ቂጣ ከሥጋ ወጥ ጋር ብታቀርብላቸው ገፋ አደረጉት።

"ሰዉ እኮ ረስቶታል" አለቻቸው።

"እኔ አልረሳሁትም።"

የልምምድ ቀን ግን መቅረት አልሆነላቸውም። ማሳው ጋ ሲደርሱ ልጆቹ መስመሩ ላይ ተደርድረዋል። አንዱ ይሮጣል፣ ሌላው እግሩን ዘርግቶ ይጥለዋል፣ ሁሉም ይንከተከታሉ። ሁለት በጋ ሙሉ "በዓይንህ ጠብቅ" ሲባሉ ያልገባቸው ልጆች ይህችን አንዴ አይተው ጥንቅቅ አድርገው ይዘዋታል። ትንሹ ሲናንማ ከጠለፈ በኋላ ምንም እንዳላደረገ ሰው ሰማይ ሰማዩን ማየት ሁሉ ጀምሯል።

አላቪካን ያን ጊዜ ላያቸው ያሳዝናሉ። ስማቸውን ከያዙ ልጆቹ ይበላሻሉ፤ እውነቱን ነግረው ልጆቹን ከመከሩ ስማቸው ይሄዳል።

"ተቀመጡ" አሏቸው። ልጆቹ ገለባው ላይ ተቀመጡ። አላቪካ የታጠፈ ሽርጣቸውን ፈትተው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ለቀቁት። እኛ አገር ሽርጥ እንዲህ የሚለቀቀው በትልቅ ሰው ፊት ነው።

"አንድም ሰው ጠልፌ አላውቅም የምላችሁ ውሸት ነው" አሉ። "ጠልፌያለሁ። ዳኛው ሲዞር ማልያ ጎትቻለሁ፣ ቁርጭምጭሚት ረግጫለሁ። አጥቂዎቹ ስለሚያመልጡኝ ነው። አሁን አፍሬያለሁ። ሌላውን ሁሉ ከእኔ ተማሩ፣ ይሄን ግን እንዳትማሩ።"

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"እናውቃለን እኮ፣ አላቪካ" አለ ሲናን።

"ምኑን ነው የምታውቁት?"

"መጥለፍዎን። አያቴ ቅልጥሙ ላይ ጠባሳ አለው፣ 'ይሄ የአላቪ ነው' ይላል።"

"አጎቴም አለው" አለ ሌላው።

"ባለ ሻይ ቤቱ ኮያማ ሁለቱም እግሩ ላይ ነው ያለው።"

አላቪካ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ።

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አላችሁኝ?"

ሲናን ጥያቄው ገረመው።

"ሲያወሩት ደስ ይልዎታላ። አያቴ 'አደራ፣ አላቪ ፊት እንዳታነሣው' ብሎኛል።"

እውነቱን ለመናገር፣ እኛንም ደስ ይለን ነበር።