አማቼና ጎማዋ ጀልባ

ባለ ሸራ ጀልባ የገዛ ሰው ሐሳቡ ያበቃ ይመስለዋል። ወዳጆቼ፣ ገና መጀመሩ ነው! ትልቁ ጀልባ መልህቁን ጥልቁ ላይ ጥሎ ይንጎማለላል፤ እናንተ ዳር ቆማችሁ ታዩታላችሁ። ወደ እሱ የምታደርስ ትንሽ ጀልባ፣ ለትንሿም ከኋላዋ የሚታሰር ሞተር ሊኖራችሁ ግድ ነው። ጀልባም ታክሲ ይፈልጋል!

እኔና ጓደኛዬ ተስፋዬ ትልቁን በጋራ ገዝተን በትንሿና በሞተሯ ምርጫ ሦስት ወር ተነታረክን። ተስፋዬ የዩለስ ከተማ ሰው ነው፤ ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭን ስለሚውል ጉልበት ይወዳል። «ሃያ የፈረስ ጉልበት!» አለ። እኔ ደግሞ ወገቤን እወዳለሁ። ይህ ሞተር በየጊዜው ተነቅሎ ትልቁ ጀልባ ላይ የሚወጣ ዕቃ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ካላነሳው ምኑን ሞተር ሆነ? በመጨረሻ በአየር የምትነፋ፣ ወለሏ ጠንካራ የሆነ ጎማ ጀልባና ባለ ሦስት ፈረስ ጉልበት ሞተር ገዛን። ደስታዬን ልደብቃችሁ? ሳሎን ውስጥ ነፍቻት፣ ውስጧ ተቀምጬ ራት በላሁ!

ባለቤቴ ሰናይት ግን ነገሩ አልዋጥ አላት። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አባቷን ከሚኖሩበት ከሳክሲ ከተማ አምጥተን ጀልባውን ልናሳያቸው ስንል ፍርዷን ሰጠች፦ «አባባ እንደ ደረቁ ከተመለሱ ጀልባው ይኑራችሁ። ጠብታ ውኃ ከነካቸው ግን ትልቁም ትንሹም ይሸጣል። ኦኬ?» ይኸው የዕድሜ ልክ ምኞቴ አማቼ ካልሲ ላይ ተንጠለጠለ።

ጀልባው ያለበት ግራንድ ፕሬሪ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር ፓርክ አደረግን። አማቼ ጋሽ በላይነህ የመኪናው በር መቆለፉን ደግመው ሊያዩ ወደ ኋላ ቀሩ። እኔ፣ ሰናይትና ተስፋዬ ሦስታችን የዋና ጃኬታችንን ለብሰን ቀድመን ትንሿ ጀልባ ውስጥ ገባን። ገመዱን አንዴ ስስበው ሞተሩ ተነሳ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ሰው ከወደቀ ሞተሩን የሚያጠፋውን ቀይ ገመድ እጄ ላይ አሰርኩና እንደ ካፒቴን ሰበክሁ፦ «አደራ፣ እዚህ ላይ መቆም ክልክል ነው!»

ይኼኔ ጋሽ በላይነህ ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ ከተፍ አሉ።

የአስተዳደግ ነገር ክፉ ነው። ሦስታችንም ብድግ! «ኖር!»

«በእግዜር፣ በእግዜር! ተቀመጡ!» አሉ። እኛ ግን ውኃ ውስጥ ነበርን። ጀልባዋ አንድ ጎኗን ወደ ሰማይ አንስታ ሦስታችንንም ደፋችን፤ ቀይ ገመዱ ተነቀለ፣ ሞተሩ ጸጥ አለ። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ!

ቀና ስል አማቼ ከነካልሲያቸው ድርቅ ብለው ዳር ቆመዋል። ሰናይት ውኃ እያንጠባጠበች እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች። ቀድማ ብድግ ያለችው እሷ መሆኗን አላነሳሁባትም፤ ጀልባዬንም ትዳሬንም እወዳለሁ። ያን ቀን የትም ሳንሄድ ወደ ቤት ተመለስን፤ አባባም እንደ ደረቁ። ፍርድ ፍርድ ነው!

መኪና ውስጥ ጋሽ በላይነህ ዓይናቸውን ጠረግ አደረጉ። «ልጆቼ፣ በዚህ በሰው አገር እንዲህ የተከበርሁበት ቀን የለም» አሉ። «ጀልባዋ እንኳ ብድግ አለችልኝ!»