የሚያንኳኳው ማሽን

በር ማንኳኳት እኛ ዘንድ ድሮ ነውር ቢጤ ነበር። መርሳ ላይ ሰው ቤት የሚሄድ ሰው ገና ከአጥሩ ሳይደርስ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ ከውስጥ «ይግቡ! ማነው?» ይባላል። «ማነው» የሚለው ከ«ይግቡ» በኋላ መምጣቱን ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ ያስገቡታል፣ ማንነቱን ኋላ ይጠይቁታል። አፍ እያለው በጣቱ አንጓ ጣውላ የሚቆረቁር ሰው ወይ የቢሮ ሰው ነው፣ ወይ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፣ ወይ ደግሞ ተጣልቶ የመጣ ነው።

ጦርነቱ ሲመጣ ይኼ ሁሉ ተገለበጠ። «ቤቶች!» የሚል ጠፋ፤ ቢገኝም «ይግቡ» የሚለው የለም። በር ሲንኳኳ ትንፋሽ ይያዛል። የማታውቁት ትምህርት በግድ ሲገባችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አልጋ ሥር ተኝተን በጫማ የሚመታውን፣ በሰደፍ የሚመታውን፣ በመዳፍ የሚመታውን በድምፁ ለየን። ጎረቤት ከሆነ በጥፍሩ ይቧጭር ነበር። እኔ ግን ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሌላ ማንኳኳት ነው፤ አንኳኪው ሰው አልነበረም።

እኔ አናጢ ነኝ፤ ስሜ ታደሰ። ከጦርነቱ በፊት ከጓደኛዬ ከሰይድ ጋር ሆነን በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨት የሚቀርጽ ማሽን ሠርተን ነበር። ሲኤንሲ ይሉታል። ተገጣጥሞ በካርቶን የመጣ እንዳይመስላችሁ። ፕላኑም ሶፍትዌሩም ኢንተርኔት ላይ በነፃ ተቀምጧል፤ የፈለገ ያወርደዋል፣ ያሻሻለ ደግሞ ያሻሻለውን መልሶ ያስቀምጣል። ነገሩ አልገባኝ ሲል ሰይድ «ደቦ በለው» አለኝ። «አንዱ ያርሳል፣ አንዱ ያርማል። ልዩነቱ ደቦተኞቹ አይተዋወቁም፣ ጠላም አይጠመቅላቸውም።» ጠላ መቅረቱ ለሰይድ ግድ አይሰጠውም፤ እሱ እስላም ነው። እኔን ግን ትንሽ ቅር ብሎኛል።

እንግዲህ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ አስቡ። ከላዩ ድልድይ የመሰለ ብረት ወዲያ ወዲህ ይመላለሳል፤ ድልድዩ ላይ ቢላ የሚገጠምበት የሚሽከረከር ጭንቅላት አለ፤ ሦስት ሞተሮች ወደ ጎን፣ ወደ ፊት፣ ወደ ታች ይነዱታል፤ ሞተሮቹን የምታዛቸው መዳፍ የምታህል ቦርድ ናት። መጀመሪያ ስናስነሣው ውረድ ስንለው ወጣ። ለካ ሽቦውን አዙረን አስረነው ነበር። ሰይድ ሽቦውን ፈትቶ እንደማስተካከል ሶፍትዌሩ ውስጥ ገብቶ «ታች ማለት ላይ ነው» ብሎ ጻፈለት። «ተወው» አለኝ እየሳቀ፣ «የሀገሩን አመል ይዞ ነው፤ ሂድ ሲሉት ይመጣል።» እኔ ደግሞ እንዲህ ያለውን ማሽኑ የሚታዘዝበትን ጽሑፍ፣ ቅንብር የሚሉትን፣ በነካሁ ቁጥር አበላሸዋለሁ። ያን ጊዜም የሰይድ መልስ ያው ነው፦ «አትደናገጥ፤ ከደቦው አውርደው። እኔ እዚያ አስቀምጥልሃለሁ።»

ማሽኑ የቆመው ከሰይድ እናት ቤት ጋር ግድግዳ በሚጋራ ክፍል ውስጥ ነው። እማ ዘሃራ ሌላ ልጅ የላቸውም። የማሽኑ ጩኸት ራሳቸውን ቢያዞራቸውም ልጃቸው እዚያ መሆኑን ስለሚነግራቸው ዝም ሲል ነበር «ምን ሆናችሁ?» ብለው የሚመጡት።

ከባድ መሣሪያው በወልድያ በኩል መሰማት ሲጀምር ማሽኑን ፈታታነው። ሞተሮቹን ጎተራ ውስጥ ማሽላ አለበስናቸው፣ ቦርዷንና ላፕቶፑን ኮርኒስ ላይ ሸሸግን፣ ብረቱን ማን ይሸከመዋል ብለን ተውነው። ወዲያው መብራት ጠፋ፤ ስልኩም ኢንተርኔቱም አብሮ ጠፋ። ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ሰይድ ከጎረምሶች ጋር በእግሩ በውርጌሳ አድርጎ ወደ ደሴ ወጣ። እኔ ቀረሁ። ከዚያች ጠዋት ወዲህ ስለ ሰይድ የሰማ የለም። ሐይቅ ላይ አይቼዋለሁ ያለ አንድ ሰው ነበር፤ አጥብቀን ስንጠይቀው ጀርባውን ነው ያየሁት አለ።

ቀን አለፈ፤ የተሰደደው ተመለሰ፣ ሱቁ ተከፈተ፣ መብራትም መጣ። ሰይድ አልመጣም። መርዶ ክፉ ነገር ነው፤ ያልመጣ መርዶ ግን ይብሳል። መርዶ የደረሰው ሰው ያለቅሳል፣ ፍራሽ ላይ ይቀመጣል፣ ወዳጅ ያስተዛዝነዋል፣ በወጉ ይነሣል። እማ ዘሃራ አልተቀመጡም፣ አልተነሡም። ወንድማቸው ሼህ ይማም ደግ ሰው ናቸው፤ እህታቸው ቆመው ሲያልቁ ማየት አልቻሉም።

«ዘሃራዬ፣ ሰደቃውን እናውጣለት» ይሏቸው ነበር። «እሱም ይረፍ፣ አንቺም እረፊ።»

«መርዶ ሳይነገረኝ ልጄን አልቀብርም» ይላሉ እሳቸው።

ሲደጋገም ግን ሰው ይደክማል። አንድ ቀን እማ ዘሃራ መመለሱን ተዉት፤ ዝምታቸው እሺ ተብሎ ተቆጠረ። ለመጪው ጁምአ ቀን ተቆረጠ፣ ወይፈን መጥቶ ግቢው ውስጥ ታሰረ።

በዚያው ሳምንት እኔ ማሽኑን ለማስነሣት ደፋ ቀና እላለሁ። ከጦርነት የተረፈ ሰው ከምግብ ቀጥሎ የሚፈልገው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በር። መርሳ ውስጥ ያልተሰበረ በር ብርቅ ነበር። ኮርኒስ ላይ ያለውን ዕቃ ወስደውታል፤ ብረቱ እንዳልነው ከብዷቸው ቀርቷል፤ ሞተሮቹም ከነማሽላቸው ተገኙ። አዲስ ቦርድ ከደሴ አስመጣሁ፣ ሽቦውን እንደ ድሮው አዙሬ አሰርኩ፣ ላፕቶፕ ተዋስኩ፣ ወልድያ ሄጄ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ ሶፍትዌሩን አወረድኩ። እንደኛ ላለ ማሽን ሰዎች ያዘጋጇቸው ቅንብሮች እዚያው ተደርድረዋል፤ እጄ ላይ የመጡትን በፍላሽ ገልብጬ ተመለስኩና አንድ በአንድ ሞከርኩ። አንደኛው ልክክ አለ። ታች ስለው ወረደ። ያስቀመጠው ሰው ስሙን አልጻፈም፤ እዚያ ሰፈር ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም። የሚሠራ ነገር የተገኘ ዕለት ደግሞ ማን ነው ለምን ሠራ ብሎ የሚጠይቅ?

አጥፍቼ እንደገና አበራሁት፤ ሥራ ልጀምር ነው። ድልድዩ ሳላዘው ተነሣ። ቀስ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ጥግ ሄደ፣ ቢላ ያልገጠምኩለት ጭንቅላቱ ወረደና ጣውላውን መታ። ቋ፣ ቋ። ቆመ። አንድ ትንፋሽ ያህል ቆየ። ቋ። ከዚያ ምንም እንዳልሠራ ወደ ቦታው ተመልሶ ጸጥ አለ።

ላልቶ ነው ብዬ ብሎኑን ሁሉ አጠበቅሁ። የሞተሩ ሽቦ ትእዛዝ የምታደርሰውን ትንሿን ሽቦ እየረበሻት ይሆናል ብዬ ለያየኋቸው። ግራውንዱን፣ መሬት የሚገባውን ሽቦ፣ ጠርጥሬ የብረት ዘንግ መሬት ውስጥ ቀበርኩና ውኃ አጠጣሁት። ሞተር ቀየርኩ። አበራሁ። ቋ፣ ቋ። ... ቋ። ድሮ ሰይድ እያለ ማሽኑ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ብልሽት ደግሞ አመል የለውም፤ አንዴ ይመታል፣ አንዴ ይዘላል፣ አንዴ ይተወዋል። ይኼ አመል ነበረው። ፀሐይ በመስኮቱ እየገባች፣ ከውጭ የባጃጅ ድምፅ እየተሰማኝ፣ ፀጉሬ ሲቆም ይታወቀኛል። ፈራሁ፤ ምን እደብቃችኋለሁ።

ዞር ስል እማ ዘሃራ በሩ ላይ ቆመዋል። ሻሻቸው ትከሻቸው ላይ ወድቋል፤ አላነሡትም።

«ማነው ያንኳኳ?» አሉኝ።

«ማሽኑ ነው፣ እማ ዘሃራ። ተበላሽቶ ነው።»

«እስቲ ድገመው።»

ደገምኩት። መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ምቱን በእጃቸው ሰሙት። ፊታቸው ላይ የነበረው ፍርሃት ነው እንዳልል ፍርሃት አይደለም፤ ደስታ ነው እንዳልልም ደስታ አይደለም።

«እንዳታስተካክለው» አሉኝና ወጡ።

ወሬ እግር አለው። ሼህ ይማም ሰምተው መጡ፤ እሳቸውም አዳመጡና ጂን ሰፍሮበት እንደሆነ ቁርአን ይቀራበት አሉ። እኔም በልቤ ጠበል ልረጭበት አስቤ ነበር፤ ኤሌክትሪክ መሆኑ ትዝ ባይለኝ ኖሮ ይኼን ወግ የሚያወጋችሁ ሌላ ሰው ነበር። ቸግሮኝ በመጨረሻ መጀመሪያ ማየት የነበረብኝን አየሁ። ያን ልክክ ያለ ቅንብር ከፍቼ መስመር በመስመር አነበብኩት። እዚያ ነበር፦ ስትነሣ ወደ ጥግ ሂድ። ውረድ፣ ውጣ። ውረድ፣ ውጣ። ቆይ። ውረድ። ጂን አልጻፈውም፤ ከላዩ «ታች ማለት ላይ ነው» የሚል መስመር አለ፤ እንዲህ የሚጽፍ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ሁለቱ ወንድምና እህት ግቢ ውስጥ በተቀመጡበት ገባሁ። ወይፈኑ ግንዱ ሥር ያመነዥካል። ነገሩን እንደገባኝ አድርጌ ነገርኳቸው፦ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ማንኳኳቱን ሰይድ በእጁ የጻፈው ነው፤ ከጦርነቱ በፊት አስቀምጦት ኖሮ እኔ ሳላውቅ አወረድኩት፤ እንደ ፎቶግራፍ ቁጠሩት፣ የተነሣው ሰው ባይኖርም ፎቶው ይኖራል። እስከዚያች ደቂቃ እኔም ሞቷል ብዬ አፌን ሞልቼ አላወጣሁትም ነበር።

«አላህ ይማረው» አሉ ሼህ ይማም፣ አንገታቸውን ደፍተው።

«መቼ አልከኝ?» አሉ እማ ዘሃራ።

«ምኑን?»

«የጻፈውን። መቼ ነው የጻፈው ያልከኝ?»

«ከጦርነቱ በፊት ነዋ።»

«አይደለም» አሉ። «የወጣ ዕለት ጠዋት እደጁ ላይ ቆመን፣ "እማ፣ ስመለስ ሁለት እመታለሁ፣ አርፌ ደግሞ አንድ፤ ከዚያ ሌላ ለመጣ ለማንም እንዳትከፍቺ" አለኝ። ወላሂ፣ ያን ጊዜ ነው የፈጠረው። ከዚያ በፊት ልጄ በር አንኳኩቶ አያውቅም፤ እየጮኸ ነው የሚገባ። እኔም ለፍጡር አልተነፈስኩ። የተነገረ ምልክት ምኑን ምልክት ሆነ?»

ቁጭ አልኩ። ሰይድ በወጣባት ጠዋት መርሳ ላይ መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ኢንተርኔት የለም። ያችን ማንኳኳት እዚህ ሆኖ ሊያስቀምጣት አይችልም ነበር። እሷን የጻፈው ሰው ውርጌሳን አልፏል፣ መንገዱን አልፏል፣ መብራትና ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ደርሶ ተቀምጧል። ይኼንኑ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ሼህ ይማም እኔን አዩ፣ እህታቸውን አዩ። ከዚያ ተነሥተው ወይፈኑን ፈቱት።

ጁምአ ዱአው አልቀረም፤ የተደረገው ግን ለመንገደኛ ነው።

አሁን ለምን አይደውልም ትሉኛላችሁ። እማ ዘሃራ ስልክ የላቸውም፤ የኔ ከነሲሙ ከላፕቶፑ ጋር ሄዷል። ሰውየው ያለበት አገር፣ ያለበት ሁኔታ፣ አጠገቡ ያለው ሰው አይታወቅም። ስም ለመጻፍ ያልደፈረ ሰው የደፈረው ይኼን ነው፤ እኔ ቅንብር እንደማበላሽና ከደቦው እንደማወርድ ያውቃል። በዓለም ላይ በስንፍናዬ የተማመነብኝ ብቸኛ ሰው እሱ ነው።

እማ ዘሃራ መልስ ይላክ አሉ። ምን ልበለው ስላቸው «በሩ ክፍት ነው በለው» አሉኝ። ወልድያ ተመልሼ፣ ከዚያ ቅንብር ግርጌ ሰዎች አስተያየት በሚጽፉበት ቦታ፣ በፈረንጅ ወሬ መካከል በአማርኛ ፊደል ጻፍኩት፦ በሩ ክፍት ነው። መልስ አልመጣም። በሄድኩ ቁጥር አየሁ፤ የለም። ማሽኑ ግን በየጠዋቱ ሲነሣ ያንኳኳል፣ እማ ዘሃራም ከግድግዳው ወዲያ «ክፍት ነው!» ይላሉ። በር የሚያሠራ ደንበኛ ይኼን ሲሰማ እኔን እያየ ወደ ኋላ ያፈገፍግ ነበር።

በክረምቱ መግቢያ ላይ ወልድያ ሄጄ ከፈትኩት። ቅንብሩ በአዲስ ተተክቷል፤ አሁንም ስም አልተጻፈበትም። ምን እንደቀየረ ለማየት ትዕግሥት አጣሁና በፍላሽ ይዤ ከሚኒባስ ወርጄ በቀጥታ ወደ ማሽኑ። እማ ዘሃራ እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ቆሙ። አበራሁ። ድልድዩ ተነሣ፣ ወደ ጥግ ሄደ፣ ጭንቅላቱ ወረደ፤ ጣውላውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ቀጥ ብሎ ቆመ። ጆሯችንን ተከልን። ምንም የለም። ተመልሶ ወደ ቦታው ገባና ጸጥ አለ።

ከደቦተኞቹ አንዱ ይኼ ምን ይጠቅማል ብሎ ሰርዞት ይሆናል፤ እንዲህ ያለ አራሚ እዚያ ሰፈር ሞልቷል። ቀና ብዬ ላያቸው አፈርኩ።

«ጠፋ፣ እማ ዘሃራ» አልኩ።

«ምን ጠፋ?» አሉ፤ ሻሻቸውን ያጠብቃሉ፣ መንገድ እንደሚሄድ ሰው። «ክፍት ነው ከተባለ ወዲያ ማን ያንኳኳል?»

ወጥተው፣ የሠራሁላቸውን አዲስ በር እስከ ጥጉ ከፍተው፣ በድንጋይ አስደገፉት። ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ ወደሚቆምበት ወደ አስፋልቱ ሲወርዱ በመስኮት አየኋቸው። ያው ክረምት ነው፤ ዝናብ እየገባ ነው፤ የዋንዛ ጣውላ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ያበጠ በር ደግሞ ሁለተኛ አይገጥምም። ይኼን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ሄጄ ድንጋዩን አየሁት፤ ትንሽ ነው፣ ነፋስ ያንሸራትተዋል። ተለቅ ያለ ፈልጌ ቀየርኩት።